መስመሩ ደህና ነበር

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ያማታል ብላ እናትህ ነግራኝ ነበር፤ ተሻላት ወይ? እናንተ ጋ ፐርዝ ዘንድሮ ብርዱ ጠንከር ብሏል ሲሉ በዜና ሰማሁ። ሰማሁ ስልህ እንደ ድሮው ከቴሌቪዥኑ ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ አንብቤ አይደለም፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እኔ ደህና ነኝ። ልቤ እንደ አሮጌ ሞተር ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታንገራግራለች እንጂ ከዚያ በኋላ ሥራዋን ትሠራለች። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። የእናትህ መቃብር ላይ ዝናቡ ያበቀለውን ሣር አጭጄ አጽድቼዋለሁ፤ ድንጋዩም ተተክሏል፣ ጽሑፉ እንደመረጥከው ነው።

ደብዳቤ ከእኔ ሲደርስህ ምን ሆነ ብለህ እንዳትደነግጥ። የታመመ ሰው የለም። በስልክ ስንነጋገር ሁለታችንም እንጮሃለን፤ አሁን የምነግርህ ደግሞ በጩኸት የሚነገር ስላልሆነ ነው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ብዕር ያነሣሁት። ከፋብሪካው ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። ፊደሌ ቢወላገድ ታገሠኝ።

ባለፈው እሁድ ስትደውልልኝ በወሬያችን መሃል “መስመሩ ተበላሸ፣ አልሰማህም” ብዬ ስልኩን ዘጋሁብህ። ልጄ፣ መስመሩ ደህና ነበር። ያልከውን ሰምቼሃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ጆሮዬን ስኳር ፋብሪካው እንደወሰደው ታውቃለህ። እንፋሎት የሚፈላበት የቦይለር ክፍል ውስጥ ከጩኸቱ የተነሣ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጅ ምልክት ነበር፤ እኛም ወጣት ስለነበርን ጥጥ ጆሮ ውስጥ መወተፍ የፈሪ ሥራ ይመስለን ነበር። ጡረታ ስወጣ የቀረኝ የነጎድጓድና የመኪና ጥሩምባ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ እናትህ ሆነች። ሐኪም ቤት አብራኝ ትገባለች፤ ባንክ ቤት አብራኝ ትቆማለች፤ ቄሱ የሰበኩትን ቤት ስንገባ ሻይ እያፈላች ባጭሩ ትደግምልኛለች። ብዙ ጊዜ ከቄሱ ይልቅ የእሷ ስብከት ይሻል ነበር።

እሁድ እሁድ አንተ ስትደውል ስልኩን ይዛ ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች፣ ከንፈሯን እንዳነብ። “ሰላም ይልሃል፤ ሥራው ደህና ነው” ትለኛለች። እኔም “የመኪናህን ዘይት ቀይር በይው” እላታለሁ። ከዚያ እሷ ወደ ስልኩ ተመልሳ ሩብ ሰዓት ታወራልሃለች። ሁለት ቃል ሰጥቻት እንዴት ሩብ ሰዓት ይወጣዋል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የእናትና የልጅ ወሬ ነው እያልኩ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር።

በየካቲት ልትቀብራት መጥተህ በነበረ ጊዜ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝናቡን ስናይ ዋልን። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አንገቴን አቅፈህ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ተናገርክ። ራሴን ነቀነቅሁ። በምን እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ቤቱ ለእኔ እንደ ሁልጊዜው ዝም ያለ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሮሳልባ በአጥሩ በኩል መጣች። ሎሚዋን ስትሰርቃት በመጥረጊያ ያባረረችህ ጎረቤታችን ናት፤ ዛሬም ያው ናት፣ መጥረጊያዋን ብቻ በከዘራ ለውጣዋለች። ፊቴ ላይ ቆማ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ ጮኸችብኝ።

“አንተ ግንድ፣ ልጅህ እኔ ቤት ደወለ። አባቴ አኩርፎኝ ነው ወይስ ሞቷል ብሎ ይጠይቃል። ምን ልበለው?”

“ስልኩ አልጠራም” አልኳት።

“ስልኩማ ሰፈሩን ሲያነቃንቅ አመሸ። የእኔ ውሻ እንኳ ሰምቶ አልቅሷል። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።”

የመስሚያ መሣሪያ ነገር ያኔ ተነሣ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ መንግሥት ለጡረተኛ እንደሚሰጥ እናትህ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ምጽዋት መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ደግሞ አንቺ እያለሽልኝ ለምን እላት ነበር። ለሮሳልባም “የመንግሥት ልመና አልወድም” ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

“ዕድሜህን ሙሉ ግብር የከፈልከው ለማን መሰለህ? ለጆሮህ ነው። የራስህን ገንዘብ ነው የምትቀበለው። ሸሚዝ ቀይር፣ እንሂድ።”

ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ታስታውሳለህ፣ ፀጉር አስተካካዩ የነበረባትን። አሁን የጆሮ ባለሙያ ከከተማ እየመጣች ታይበታለች። ዲልሚኒ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከስሪላንካ ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ኩዊንስላንድ ነው ያደገችው። ትሑት ልጅ ናት። የጡረታ ካርዴን አየች፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ስትመረምረኝ ቆየች። ከዚያ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንደኛው ዋጋውን መንግሥት ሙሉ በሙሉ የሚችለው ነው። ሁለተኛው ትንሽዬ፣ ጆሮ ውስጥ የምትደበቅ፣ ከራስ ኪስ የሚጨመርባት ናት። የቱ እንደሚበጀኝ ለማወቅ በወረቀት ላይ ጽፋ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ “ከሁሉ በላይ የማንን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ?” ይላል።

“እሷን ቀብረናታል” አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቆይታ ደግሞ “ሌላስ ሰው አለ?” ብላ ጻፈች።

“ልጄ እሁድ እሁድ ይደውላል።”

“እንግዲያው መንግሥት የሚሰጠው ይበቃዎታል” ብላ ጻፈች። “ለስልክ እንዲያውም እሱ ይሻላል።”

ተመልሰን ሄደን መሣሪያዎቹን ከጆሮዎቼ ጀርባ ያጠለቀችልኝ ቀን መጀመሪያ የሰማሁት ሮሳልባን ነው። “ሰማኸኝ?” አለች። ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። “ይህን ያህል ነበር እንዴ የምትጮኺው?” አልኳት። “አንተ ነህ ያስለመድከኝ” አለችኝ። ዲልሚኒ አንገቷን ደፍታ ሳቀች፤ ሳቋንም ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰምቼ ሞተሩ ተበላሽቷል ብዬ እንድታቆም ነገርኳት። ለካ ፍሬቻው ነው። ቤት ስገባ ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ወለሉ በእግሬ ሥር ይንቋቋል፤ ግድግዳው ላይ የምትሮጠው እንሽላሊት ድምፅ እንዳላት ጨርሶ ረስቼ ነበር። ቤቱ ለካ ዝም ብሎ አያውቅም። ከክፍል ክፍል ስዞር ዋልኩ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የእሷ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ነው፣ ልጄ፣ እናትህ መሞቷን በደንብ የተረዳሁት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ስልኩን የማነሣው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ታስታውሳለህ፤ “እንዴት ነህ”፣ “ደህና”፣ “አየሩስ”፣ “ደህና”። ሁለት ሰዎች ጠባብ በር ላይ ተገናኝተው “አንተ እለፍ፣ አይ አንተ እለፍ” እንደሚባባሉት ነበርን። ድምፅህ ከማስታውሰው ወፍሯል። የእናትህ ወንድም ድምፅ ይመስላል።

ያለፈው እሁድ ግን ወሬ ጀመርክ። ባለቤትህ ሳጥኑን ከፍታ ትንንሾቹን ልብሶች አውጥታ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ እንዳገኘሃት ነገርከኝ። “ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባ ነበር፣ አባዬ” አልከኝ።

ማን እንደሆነች አላወቅሁም። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ይበልጥ አስጠጋሁ። አንተ ዝምታዬን ሐዘን አድርገህ ቆጥረኸው ቀጠልክ። “ያን ጊዜ አንተ የላክህብኝ ቃል ባይኖር ኖሮ ከአልጋዬ አልነሣም ነበር። ዛሬም ሲከፋኝ እሱን ነው የምለው” አልክ። ከዚያ ቃሉን እንዳለ ደገምክልኝ። “አንድ ቀንም ቢሆን አቅፈሃታል፤ ከእንግዲህ አባት ነህ፤ ይህን ማዕረግ ሞትም አይገፍህም።” እናትህ በስልክ፣ አባትህ እንዲህ ብሏል ብላ የነገረችህን።

ያኔ ነው መስመሩ ተበላሸ ያልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ልጅ እንደነበረችኝ ከስልክ ሰማሁ፤ እንደሞተችም በዚያው ትንፋሽ። ደግሞ ከአፌ ያልወጣ ቃል፣ ወጥቶም የማያውቅ፣ በስሜ ሲመሰገን ሰማሁ። እኔን ታውቀኛለህ። ሰው ሲያዝን ትከሻውን መታ አድርጌ ዘይት ስለመቀየር የማወራ ሰው ነኝ። መሣሪያዎቹን ከጆሮዬ አውልቄ ማንኪያዎቹ ካሉበት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። በማግስቱ እናትህ መቃብር ዘንድ ሄጄ ቆምኩ። ቤታችን ውስጥ ተጣልተን እናውቃለን፤ ግን እንደዚያ ቀን ተቆጥቻት አላውቅም። ምን ብዬ እንደተናገርኩ እኔም አልሰማሁትም።

ሮሳልባ መጣች፣ ሾርባ ይዛ። ስታናግረኝ እንደማልሰማ አይታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አፈጠጠችብኝ። እኔ ግን ቀድሜ ጠየቅኋት።

“የልጄ ልጅ መሞቷን ታውቂ ነበር?”

ሾርባውን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።  መሳቢያውን ከፍቼ መሣሪያዎቹን መልሼ አጠለቅኋቸው፤ መልሷን በከንፈር ማንበብ አልፈለግሁም።

በዝግታ ነገረችኝ። ለካ የእርግዝናውም የልጅቷ ሞትም ወሬ ተከታትሎ የመጣው እኔ ታውንስቪል ሆስፒታል ደረቴ ተቀድዶ በተኛሁበት ሰሞን ነው። ሐኪሙ እንዳይደነግጥ ብሎ እናትህን አስጠንቅቋት ነበር። ከሆስፒታል እንደወጣሁ እናትህ ልጃችን ቤት ሊቀይር ነው፣ ዕቃ ላግዛቸው ብላኝ ወደ እናንተ በረረች። ሮሳልባ ነበረች ሾርባ የምታመጣልኝ። እናትህ ስትመለስ ከስታ ነበር። “ዕቃው ሁሉ ደህና ገባ?” ብዬ ጠየቅኋት። “ደህና አለቀ” አለችኝ። ልጄ፣ ያን ቀን እንኳ አውሮፕላኑ አድክሟት ነው ብዬ እግሯን በሞቀ ውሃ እንድትነክር መከርኳት።

“ልቡ እስኪጠና ብላ ነው” አለች ሮሳልባ።

“ከጠናስ በኋላ?”

“ከጠና በኋላማ ነገረችህ።”

“አልነገረችኝም።”

“ነግሬዋለሁ ብላኛለች። እዚሁ አጥር ሥር ቆማ። ‘ነገርኩት፤ አልሰማኝም’ አለችኝ። እኔ ተቆጥቶ አልቀበል አለኝ ማለቷ መስሎኝ ነበር። ቂም ያዝኩብህ፤ እሷን ግን ደግሜ አልጠየቅኋትም።”

ሮሳልባ ከሄደች በኋላ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ አሰብኩ። አንድ ምሽት ትዝ አለኝ። ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ መሆኑን እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አውቄዋለሁ። እናትህ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች። ውጭው ጨልሞ ስለነበር ፊቷ በመስኮቱ መስታወት ላይ ይታያል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስለነበረች የምትዘምር መሰለኝ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ ቆመች፤ አንድ ነገር እንድላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

“ደስ የሚል መዝሙር ነው” አልኳት።

እጇን በፎጣ አደረቀች። ባጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስታጥብ ስትዘምር አላየሁም።

ለሮሳልባ ይህን አልነገርኳትም። አንተ ብቻ ነህ የሰማኸው።

እሷ ግን በነጋታው መጥታ ምክር ሰጠችኝ። “ዝም በል” አለችኝ። “ቃሉ ሥራውን ሠርቷል። ልጁ ቆሞበታል። የማን አፍ እንደተናገረው ምን ያደርግልሃል? ከሥሩ ብትነቅልበት ምን ትሰጠዋለህ?” እውነቷን ነው አልኩ። ጥቂት ቀን በዚያ ሐሳብ ሰነበትኩ። እሁድ ስትደውል “አዎ ልጄ” ብዬ ምስጋናህን ልቀበል ወሰንኩ። ነገር ግን ጫማዬን ሳስር፣ ዶሮዎቹን ሳበላ፣ ያ ምስጋና የሌላ ሰው ኮት ሆኖ ትከሻዬ ላይ ይከብደኝ ጀመር።

ቃሉ የእናትህ ነው። እኔ ልሰጥህ የሚገባኝን ነገር እኔ እስክናገረው አልጠበቀችም፤ ሰፍታ በስሜ አለበሰችህ። ለእኔም እንደዚሁ ሳታደርግ አልቀረችም። “አባቴ ናፍቆኛል ይልሃል” እያለች ስንት እሁድ ነግራኛለች፤ ብለህ ይሆናል፣ ሳትለውም ቀርተህ ይሆናል፤ አልጠይቅህም። እኔ ግን በዚያ ቃል ሳምንቱን እገፋ ነበር። ልጅህን ቀብራ፣ አንተን አንሥታ፣ እኔን አስታምማ፣ ሁሉንም ብቻዋን ተሸክማ ኖረች። ይህን ሳታውቅ ብትቀር እሷን ሁለተኛ እንደመቅበር ስለሆነብኝ ነው የጻፍኩልህ። ምስጋናውን ለእሷ መልስላት።

ያ ቃል ከእኔ አልመጣም ብዬ ነጠቅሁህ ማለት ግን አይደለም። አሁን ሰምቼዋለሁ፤ አምኜበታለሁም። በእጄ ጽፌልሃለሁ፣ ከላይ ተመልከት። እኔ ከራሴ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እንደ እሷ ያማረ አይደለም። ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እመጣ ነበር። ደረቴ እንደተሰፋ እመጣ ነበር፤ ሐኪሙም አያስቆመኝም ነበር። ይኸኛው ቃል የእኔ ነው።

ለባለቤትህ ከወደድህ አንብብላት ወይም ተወው፤ አንተ ታውቃለህ። አማቷ በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ስለ ልጇ ሳይጠይቃት መቅረቱ ምን ሲያሳስባት እንደነበር ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ያላወቅሁ መሆኔን ብትነግራት ደስ ይለኛል።

በመስከረም ልመጣ ነው። ሐኪሙ ልብህ አውሮፕላን ከመሳፈር አይከለክልህም ብሎኛል። ዲልሚኒ ለመንገድ የሚሆን ባትሪ ሰጥታኛለች፤ እሱንም መንግሥት ነው የቻለው፤ እናትህ ብትኖር በዚህ ትስቅብኝ ነበር። ሮሳልባ ዶሮዎቹን እጠብቃለሁ ብላለች፤ እንቁላሉን እንደምትበላው ደግሞ አስቀድማ አስታውቃኛለች። ስመጣ ሌላ ቦታ እንድታሳየኝ አልፈልግም። ልጅህ ወዳለችበት ውሰደኝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ያልከውን ሰምቼሃለሁ አልኩህ፤ አንዲት ነገር ብቻ አመለጠችኝ። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርተሃል። ይህ መሣሪያ ብዙውን ይመልሳል፤ እንደ ትንፋሽ የሳሱትን ድምፆች ግን አይዛቸውም፣ በተለይ በስልክ። ስሟ ከእነዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደ ንፋስ አለፈኝ። ሮሳልባ ታውቀው ይሆናል፣ ግን እሷን አልጠየቅሁም። ከአንተ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነው። በትልቁ ጻፍልኝ። ልለማመደው።

እግዚአብሔር አንተንም ባለቤትህንም በጤና ያቆይልኝ። ለቤታችሁ ሰላምን፣ ለዓይናችሁ እንቅልፍን ይስጥ። የእናትህ ጸሎት አይለያችሁ።

ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቅህ፣

አባትህ